ላልበቀለው ሳር

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሂክማ ዳላስ አጠገብ ማኪኒ በምትባል ከተማ ውስጥ አዲስ ወደተከፈተ የልብስ መደብር ይዛኝ ሄደች። እሷ ጫማ ስትመርጥ እኔ መደርደሪያው ላይ ተጣጥፎ የተቀመጠ ነጭ የአንገት ልብስ አየሁና ሳላስበው እጄን ላክሁበት። ለስላሳ ነው፤ ግን የበግ ጸጉር ልስላሴ አይደለም፣ የጥጥም አይደለም፤ ጣት ላይ ሸርተት የሚል፣ መብራት ሲያርፍበት የሚያብለጨልጭ ነገር ነው። ወዲያው አወቅሁት። አስጠግቼ ሳሸተው ከመደብሩ ሽቶ ሥር፣ ከሩቅ፣ ዝናብ የነካው ፍየል ሸተተኝ። ሂክማ ደንግጣ እየሮጠች መጣች። «እማማ፣ ፕሊስ! ለምን ታሸታለሽ? ሰዎች ያያል!» አለችኝ። አማርኛዋ እንዲህ ነው፤ እኔ አላርማትም፣ ይጣፍጠኛል። «ይሄ እኮ የፍየል ጸጉር ነው» አልኳት። «ኖ ዌይ!» አለች። ዋጋውን ገልብጬ አየሁት። በኛ ጊዜ በዚያ ገንዘብ ሁለት ሙክት ተገዝቶ ለቤንዚን ይተርፍ ነበር።

እራት ላይ ይህንኑ አጫወትኳቸው። «ድሮ እኮ መንግሥት ለዚያ ጸጉር ድጎማ ይከፍል ነበር» ስል አማቼ ያሲን ቀና አለ። ያሲን አዲሰን በምትባል ከተማ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ፣ ሰው የሚያከብር ልጅ ነው። «ድሮ ብቻ አይደለም እማማ፤ አሁንም ይከፍላሉ» አለኝና ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። የአንድ ገጠር ካውንቲ (ወረዳ ማለት ነው) ራንቾች፣ የከብት እርባታዎቹ፣ ከነተከፈላቸው ገንዘብ ተደርድረዋል። «ይዩልኝ እስቲ። ዝናብ ጠፋ ብለው ገንዘብ፣ ዋጋ ወረደ ብለው ገንዘብ። ማለቴ፣ የኛ ታክስ ነው እኮ! ሶ፣ እኛ ለምግብ የሚሰጠውን ፉድ ስታምፕ ስንቀበል ሰነፍ ነን፤ እነሱ ሲቀበሉ ራንቸር ናቸው።» ልጄ ሳቀች። ያሲን ውሸት አልተናገረም። መልሱ ግን በሁለት ቃል የሚያልቅ አልነበረም። ከራት በኋላ ክፍሌ ገብቼ ተቀመጥኩና ፍየል አርቢዎቹን ዌይንንና ዶሪስን፣ ባለቤቴን ሰይድን (አላህ ይማረው) አንድ በአንድ ሳስታውስ ቆየሁ። ይኼን የምጽፈው ለያሲን ነው ልበል፤ ግን ለራሴም ነው።

እኔ የደሴ ከተማ ልጅ ነኝ፤ ፍየል የማውቀው ወጥ ሆኖ ነው። ሰይድ ግን የወረባቦ ገበሬ ልጅ ነበር። በሱዳን በኩል አድርገን እዚህ ደርሰን፣ እሱ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፣ እኔ ፎርት ዎርዝ አንድ ሆስፒታል ኩሽና ውስጥ ሳህን እደረድራለሁ። ቤንዚን ጋሎኑ ከዶላር በታች የነበረበት ዘመን ነው። ሰይድ ፍሊ ማርኬት ከሚሉት የአሮጌ ዕቃ ገበያ በአምስት ዶላር የገዛው፣ ክርኑ የላሸቀ ቡናማ የቆዳ ጃኬት ነበረው፤ በጋም ክረምትም እሱን ነው። እኔ ደግሞ ትከሻው በስፖንጅ ያበጠ ሰማያዊ ኮት ነበረኝና እሱን ለብሼ በበር ስገባ ሰይድ «ጄኔራሏ መጡ» እያለ ይነሣልኝ ነበር። አሁን እዚህ በየመንገዱ ማዶ ሐላል ሥጋ ቤት አለ፤ ያኔ የለም። አረፋ ሲደርስ የሱፐርማርኬት ዶሮ በልተን፣ ወላሂ፣ ተያይተን እናፍር ነበር። አንድ ቀን ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ፓኪስታናዊ ለሰይድ፣ ከፎርት ዎርዝ በደቡብ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ቢነዱ ፍየል በፍየል የሆነ አገር አለ ብሎ ነገረው። በሚቀጥለው እሑድ ተነሣን። የመኪናው ቴፕ የሚሠራው በጡጫ ሲመታ ነው፤ አንዲት የመንዙማ ካሴት ነበረችን፣ እሷን እያገላበጥን ሄድን።

ፎርት ዎርዝን አልፈን፣ ነዳጅ ማደያው እየሳሳ፣ ሰማዩ እየሰፋ ሄደ። ሜስኪት የሚሉት የኛን ግራር የሚመስል እሾሃም ዛፍ በቅሏል። ሰይድ መስኮቱን እስከ ታች ከፈተ። ከዚያ አንድ አጥር ሥር ቆምን፤ እኔ በሕይወቴ እንዲያ ያለ ፍየል አይቼ አላውቅም። ነጭ፣ ጸጉሩ እንደ ሹሩባ ተጥመልምሎ እስከ ጉልበቱ የወረደ፣ ሁሉም ሹራብ ለብሶ የቆመ ይመስላል። አንድ ረጅም ቀጭን ሰውዬ፣ የገለባ ባርኔጣ ያደረገ፣ ጂንሱ በእጥበት ብዛት የነጣ፣ ከበረቱ ወጥቶ መጣ። ዌይን ነው። ያኔ ሃምሳዎቹ ውስጥ ይሆናል።

«ምን ልርዳችሁ?»

«ፍየል ልንገዛ ነው» አለ ሰይድ።

«ለጸጉሩ?»

«ለሥጋው።»

ዌይን ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «ጌታዬ፣ እነዚህ የሚበሉ አይደሉም። እነዚህን መብላት ማለት የምትነዳውን መኪና ለብረቱ ብለህ መሸጥ ነው።»

ሚስቱ ዶሪስ ከበረንዳው ሆና ሰማችው። አጭር፣ ፈጣን፣ እጇ ሁልጊዜ ዱቄት የነካው ሴት ነበረች። «ዌይን፣ ያንን አጥር የሚገነጥለውን ወጠጤ ስጣቸው! ካልወሰዱት እኔ ራሴ ነኝ የምበላው» ብላ ጮኸች። በሃያ ዶላር ሰጠን። ሰይድ ሲያርደው ዌይን ቆሞ አየ። ሰይድ ፀሐይዋን አይቶ፣ ወደሚሰገድበት አቅጣጫ አስተካክሎ፣ የፍየሉን ራስ ዳብሶ፣ ቢላዋውን ከዓይኑ ደብቆ «ቢስሚላህ» ሲል ዌይን ባርኔጣውን አወለቀ። «እኛ እንዲህ በዝግታ አናደርገውም» አለ። በሚቀጥለው ዓመት ስንመለስ አንደኛው የበረት እንጨት ላይ ነጭ ቀለም ተቀብቶበት አገኘን። «ፊታችሁን የምታዞሩበት እንዳይጠፋችሁ ብዬ ነው» አለን። ሰይድ ለሳምንት ሰው ባገኘ ቁጥር ይህንኑ ሲያወራ ከረመ።

እንዲህ ሆነን ተዛመድን። እሑድ እሑድ ሥራ ከሌለን እንሄዳለን። ዌይን የጭነት መኪናው ውስጥ ሬዲዮ ይከፍታል፤ ያ የሚያለቅስ ጊታራቸው ሲጀምር ሰይድ «ዘሃራ፣ ስሚ፣ ይሄ ሰውዬ ባቲ እኮ ነው የሚጫወተው!» እያለ ትከሻውን ይነቀንቃል። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም እንጂ እኔ በልቤ ሁለቱንም አንቱ ነበር የምላቸው። እነሱ እኔን «ዛራ» ይሉኛል። በዓመት ሁለቴ ሸላቾች ከሜክሲኮ ድንበር በኩል ይመጣሉ፤ መቀሳቸው በሞተር ይጮኻል፣ ጸጉሩ እንደ ደመና ይከመራል። ፍየሎቹ ከተሸለቱ በኋላ ራቁታቸውን ናቸውና ቀዝቃዛ ዝናብ ከመጣ ባንድ ቀን ያልቃሉ። አንድ ጊዜ ድንገት ሰማዩ ጠቁሮ ሁላችንም፣ ዶሪስ በሽርጧ፣ እኔ በዚያ በጄኔራሏ ኮቴ፣ ፍየል እያቀፍን መጋዘን አስገብተናል። ኮቱ ከዚያ ወዲህ ሽታው አልለቀቀውም።

ስለ መንግሥት ድጎማ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ከድሮ ጦርነት ጀምሮ ለወታደር ልብስ የሚሆን ሱፍና ጸጉር እንዳይጠፋ ተብሎ የወጣ ሕግ ነበር አሉ፤ ወታደሩ ሌላ ልብስ ከለበሰ ዘመን ቢቆጠርም ሕጉ አልተሻረም። ገበሬው ጸጉሩን ሲሸጥ መንግሥት በላዩ ይጨምርለታል። ቼኩ የሚመጣው በጸደይ ነው። ዌይን በዚያ ሸላቾቹን ይከፍላል፣ የውኃ መሳቢያውን ያሳድሳል፤ ዶሪስ ከትንሿ ከተማቸው ሱቅ ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን አንድ ቀሚስ ትገዛለች፤ አበባ ያለበት፣ ቀበቶው ከጨርቁ የተሠራ፣ በዓመት አንድ። የሱቁ ባለቤትም፣ ምግብ ቤቱም፣ ጎሚስታውም በዚያው ቼክ ነበር የሚያድሩት። ሰይድ ይገርመው ነበር። «መንግሥት ከገበሬ ሲወስድ ነው የማውቀው፤ ለገበሬ ሲሰጥ አላየሁም» ይል ነበር።

ከዚያ አንድ ዓመት ወሬው ተለወጠ። በሬዲዮም በቴሌቪዥንም የፍየል ጸጉር መሳቂያ ሆነ። አንዱ ቀልደኛ ተነሥቶ «ታክሳችን ለፍየል ጸጉር አስተካካይ ነው የሚከፈለው» ሲል አዳራሹ ሲስቅ እኔም ራሴ አይቻለሁ። ዌይንም አይቶታል። ድጎማው መጀመሪያ ቀነሰ፣ ከዚያ ጠፋ። የጸጉሩም ዋጋ አብሮ ወደቀ። ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ መንጋቸውን ሸጡ፤ አንዳንዱ መሬቱንም ሸጠ። እንዲህም ሆኖ የከተማው ምግብ ቤት ውስጥ ጂም የሚባል የከብት ነጋዴ ዌይንን በሰው ፊት «እንግዲህ እንደኛ ሠርተህ ብላ» አለው። ዌይን ቡናውን ሳይጨርስ ወጣ። ቤቱ ገብቶ ለዶሪስ «ከዛሬ ጀምሮ የመንግሥት ሳንቲም ይህን ደጃፍ አያልፍም» ብሎ ማለ። ይህን የነገረችኝ እሷ ናት።

በዚያ ሰሞን ስልክ ደወለችልኝ። «ዛራ፣ የሚበላ ፍየል የሚፈልግ ስንት ሰው ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

ሳቄ መጣ። «ዶሪስ፣ ዳላስ ውስጥ ስንት ኢትዮጵያዊ እንዳለ ነው የምትጠይቂኝ?»

«ኢትዮጵያውያን ብቻ?»

«ሶማሌውን፣ ናይጄሪያውን፣ ፓኪስታኑን፣ ሜክሲኮውን ጨምሪበት።»

«ዌይን እሺ አይለኝም። ጸጉራሞቹ ከአባቱ የወረሳቸው ናቸው» አለችኝ። እሺ ለማለት አንድ ክረምት ፈጀበት። ጸጉራሞቹን የሚወስደው ትልቅ መኪና ሲመጣ እኛም ነበርን። ዌይን በር ላይ ቆሞ እያንዳንዷ ስታልፍ ጀርባዋን እየነካ አሳለፋቸው። መኪናው ሲሄድ ሰይድ ትከሻውን ይዞ «አብሽር» አለው፣ አይዞህ ማለቱ ነው። ዌይን ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቀም፤ የገባው ይመስለኛል።

ቡናማ ራስና ነጭ ገላ ያላቸውን የሥጋ ፍየሎች አስገቡ። የመጀመሪያው አረፋ ላይ ያ አቧራማ መንገድ ከአጥሩ እስከ አስፋልቱ መኪና በመኪና ሆነ። ሴቶች በሒጃብ፣ ወንዶች በጀለቢያ፣ አንዳንዱም የታክሲ መኪናውን ይዞ። ዶሪስ ልጆቹን ሁሉ ሎሚናት ስታጠጣ ዋለች። ለፋሲካ ደግሞ ክርስቲያኖቹ መጡ፤ ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር፣ ከመቀሌ። እነሱ በራሳቸው ቀን፣ በራሳቸው ሥርዓት ያርዳሉ። ዌይን ግራ ገባው። «አንድ አገር አይደላችሁም እንዴ? ለምን ባለፈው ወር አብራችሁ አልመጣችሁም?» ሲለው ሰይድ «አገራችን አንድ ነው፤ የተለያየው ቢላዋችን ነው» አለው። ዌይን ይህን ለብዙ ዓመት ለሚያገኘው ሁሉ ሲደግመው ሰምቻለሁ። ዶሪስም እንደ ድሮው በጸደይ ቀሚስ መግዛት ጀመረች።

አሁን በዚያ መንገድ ብሄድ የማውቀው አይመስለኝም። ፎርት ዎርዝ ራሷ እየሰፋች ወደዚያው እየነዳች ነው፤ እንደ ብስኩት ተመሳስለው የተሠሩ ቤቶች ግማሽ መንገድ ድረስ ተደርድረዋል። ሰይድ ከሞተ አምስተኛ ዓመቱ ነው። ለቀብሩ ዌይን በልጁ መኪና መጥቶ፣ ቦት ጫማውን አውልቆ፣ መስጊዱ በረንዳ ላይ በካልሲው ቆሞ ሰላቱ እስኪያልቅ ጠበቀ። እሱም በሁለተኛው ክረምት ተከተለው። ዶሪስ አሁን ከልጇ ጋር ነው የምትኖረው፤ ጆሮዋ ደክሟል፣ ስልክ ስደውልላት ግን «ዛራ» ስትል ድምፅዋ ያው ነው። መሬቱ ገና በቤተሰቡ እጅ ነው፤ ፍየል አለበት። አልሐምዱሊላህ። ይህ ሁሉ እንዲሆን ያደረገው ግን በአንድ የድርቅ ዘመን የሆነ ነገር ነውና እሱን ልናገር።

ድርቁ የመጣው የሥጋ ፍየሎቹ ንግድ ከያዘላቸው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ዌይን ሰባ አልፎታል። በመጀመሪያው ዓመት ዝናቡ ዘገየ አልን። በሁለተኛው ዓመት ሳሩ በእግር ሲረገጥ እንደ ብርጭቆ ይሰበር ጀመር። ኩሬው ደርቆ መሬቱ እንደ ተረከዝ ተሰነጣጠቀ። ድርቆሽ ከሌላ ስቴት በባቡር ካልመጣ በስተቀር በገንዘብም አይገኝም። ከወሎ ለመጣ ሰው ስለ ድርቅ አይነገረውም። ሰይድ እዚያ መሄድ አቃተው። ሲሄድም ከመኪናው አይወርድም፤ ወርዶ ቢሄድ አፈሩን ዘግኖ በጣቶቹ መሐል እየለቀቀ ይቆማል።

መንግሥት በድርቅ ለተመታ ካውንቲ ሁሉ፣ ሳይበቅል ለቀረው ሳር ካሳ እንደሚከፍል ተነገረ። ዌይን አልቀበልም አለ። ይልቁንም እናት ፍየሎቹን መሸጥ ጀመረ። እናቷን የሸጠ ደግሞ የሚመጣውን ዓመት ነው የሸጠው። ዶሪስ ደወለችልኝ። «እኔን መስማት ትቷል። ልጁንም አይሰማም። ሰይድን ይሰማ እንደሆነ…» ብላ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ዶሪስ ስታለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ሄድን። በረንዳው ላይ አራታችን ተቀመጥን። ሙቀቱ ከእንጨቱ ይወጣል። ከበረቱ የፍየሎቹ ድምፅ ይሰማል፤ የረሃብ ድምፅ ነው፣ ከጥጋቡ ይለያል፣ ሰይድ ይለየዋል።

«ዌይን፣ ለምን አትቀበልም?» አለው ሰይድ።

«ምያለሁ።»

«ለማን?»

«ለራሴ። ሰይድ፣ አንተ አታውቅም። በቴሌቪዥን ስቀውብኛል። በገዛ ከተማዬ ሌባ አድርገውኛል። እኔ ሠርቼ የምበላ ሰው ነኝ።»

ሰይድ ዓይኑን ወደ በረቱ አዞረ።

«አባቴም ሠርቶ የሚበላ ሰው ነበር» አለ። «ሁለት በሬ፣ አንድ ላም፣ ጥቂት ፍየሎች ነበሩት። ዝናቡ ቀረ። መጀመሪያ ፍየሎቹ ሄዱ። ከዚያ ላሟ። በመጨረሻ በሬዎቹ። ስም ነበራቸው፤ አንዱ ዳልቻ ነው፣ አንዱ ቡሬ። ቡሬ የወደቀ ቀን አባቴ አጠገቡ ተቀምጦ ዋለ። በማግስቱ እኛን ይዞ ወደ መኪና መንገድ ወጣ። መንገዱ ዳር ተቀመጥን፤ እንደኛ የተቀመጠ ብዙ ሰው ነበር። የመንግሥት መኪኖች ያልፋሉ። አቧራቸው ይለብሰናል። አንድም ሰው ቆሞ፣ ‹አንተ ሰውዬ፣ ስምህ ማነው? ስንት ከብት ሞተብህ?› ብሎ አልጠየቀውም። አባቴ በረሃብ ሞተ ይላሉ። ረሃብም ነበር። ግን እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ አባቴ የሞተው የሚጠይቀው አጥቶ ነው።»

እኔ ሚስቱ ነኝ። ሱዳንን አብረን አልፈናል፣ ልጅ ወልደናል፣ አርጅተናል። ያንን ነገር እንዲህ አድርጎ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። በአማርኛ ሊነግረኝ ያልቻለውን በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው ለዌይን ነገረው።

«ያንተ መንግሥት ዛሬ ‹ዌይን፣ ስንት መሬት ደረቀብህ? ስንት ነፍስ ቀረህ?› እያለ ይጠይቅሃል» አለው። «ጥያቄው ነው ትልቁ ነገር። ሂድና መልስለት። የተጠየቁትን መመለስ ልመና አይደለም።»

ዶሪስ አፏን በእጇ ይዛለች። ዌይን ጫማውን ያያል። የውኃ መሳቢያው መዘውር በትንሽ ንፋስ ሲንቋቋ ይሰማል። በመጨረሻ ቀና ሳይል «ነገ ሥራ አለህ?» አለው።

«ታክሲው የራሴ ነው።»

«እንግዲያው እደሩና አብራችሁኝ ኑ።»

ጠዋት ሦስታችን በዌይን የጭነት መኪና ሄድን፤ እኔ መሐል። የካሳው ቢሮ በካውንቲው ከተማ፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ያለ ትንሽ ቤት ነው። ስንገባ ወንበሩ ሁሉ ተይዟል። ትልልቅ ሰዎች፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ሁሉም ወለሉን ያያሉ። ማንም ማንንም አያይም። አንዱ ሲያስል ሌላው ይደነግጣል። ጥግ ላይ ያ የከብት ነጋዴ፣ ጂም፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ እያዞረ ተቀምጧል። ዌይን ሲያየው በር ላይ ቀጥ አለ፤ ሊመለስ መሰለኝ።

እኔ ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ። ዳላስ በገባን በመጀመሪያው ወር እርዳታ ለመጠየቅ የተቀመጥንበት ቢሮ እንዲሁ ነበር። የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል፤ እዚያ የተቀመጥነው ሁሉ እንዳንቃጠል ፊታችንን አዙረን ነበር። የአንድ አገር ልጆች ሆነን እንዳልተያየን እንሆናለን። አንዲት ነጠላ የለበሱ የጎንደር እናት ገቡና ከበሩ ጀምረው እያንዳንዳችንን «እንደምን አደራችሁ፣ እንደምን አደርሽ ልጄ» እያሉ እጅ ነሡ። ቤቱ ወዲያው የሰው ቤት ሆነ። ያን ቀን በካውንቲው ቢሮ ቆሜ፣ እንግሊዝኛዬ የተሰባበረ ይሁን እንጂ እሳቸውን መሆን አያቅተኝም አልኩ። ከበሩ አጠገብ ካለው ሽማግሌ ጀመርኩ። እጄን ዘርግቼ «ጉድ ሞርኒንግ። ከብቶችህ እንዴት ናቸው?» አልኩት።

በድንጋጤ ተነሥቶ ቆመ። «ከስተዋል እመቤቴ። ስለጠየቅሽኝ አመሰግናለሁ።»

ወደሚቀጥለው ሄድኩ። ወደሚቀጥለው። በጎች እንዴት ናቸው፣ ጉድጓዱ ውኃ አለው ወይ፣ ሚስትህ ደህና ናት ወይ። ጂም ጋ ስደርስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «ግማሹን ሸጥኩት» አለኝ። ከዚያ እኔን አልፎ ዌይንን አየና «ና፣ ተቀመጥ እንጂ» ብሎ ባርኔጣውን ከአጠገቡ ወንበር ላይ አነሣለት። ዌይን ሄዶ ተቀመጠ። ስለ ጉድጓድ ጥልቀት መነጋገር ጀመሩ። ከዚያ ሌሎቹም። ስሙ ሲጠራ ዌይን ተነሥቶ ገባ፤ የቢሮው ሠራተኛ የጠየቀችውን ሁሉ መልሶ፣ ፈርሞ ወጣ።

መኪናው ውስጥ መሪውን ይዞ ሞተሩን ሳያስነሣ ተቀመጠ። «እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር» አለ። ሰይድ «ሁሉም እንዲያ ነው የሚመስለው» አለው።

ገንዘቡ እስኪመጣ ገና ሳምንታት ነበሩት። በመንገዳችን የቆምንበት የመኖ ነጋዴ ግን ከየት እንደመጣን ስለገባው ገንዘብ ሳይጠይቅ በሩን ከፍቶ «ጫን» አለው። ራንቹ ስንደርስ ዶሪስ በረንዳው ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ዌይን ወርዶ «ፈረምኩ» አላት። «ጥሩ» አለች። ሽርጧን ፈትታ አጥሩ ላይ አንጠለጠለችና መጥታ የጆንያውን አንድ ጫፍ ያዘች። ሌላውን ጫፍ እኔ ያዝኩ። ፍየሎቹ ድምፃችንን ሰምተው ከጽድ ዛፉ ጥላ ሥር እየተንገዳገዱ መጡ፤ ቀድማ የደረሰችው፣ የጎድን አጥንቷ የሚቆጠረው፣ ጆንያው ሳይፈታ አፏን ሰደደች። ዌይን «ቆይ፣ ቆይ የኔ እመቤት» አላትና ባርኔጣውን ወደ ዓይኑ ዝቅ አደረገ። ሰይድ ያላየ መስሎ ጎንበስ አለና የሁለተኛውን ጆንያ አፍ በጥርሱ ፈታው።